እማዬ በታኅሣሥ ሚኒያፖሊስ ልትመጣ ነው፤ የዊንተር ልብስ ምን ልግዛላት? ደግሞ የገበያ ቀልዷን የት ትቀልድ?

የኮልፌ_ልጅ (ሚኒያፖሊስ)

ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። እስከ ፋሲካ ትቆያለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። 68 ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ አጭር ነው፣ ሱሪ በሕይወቷ ለብሳ አታውቅም፤ አሁንም አትለብስም። እሱ ላይ አልከራከራትም፣ እናንተም አትከራከሩኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛው ቀላል ነው፤ ቀሚስ ለባሽ ለሆነች ትልቅ ሴት ለዚህ አገር ብርድ ምን ይገዛል? ካፖርት፣ ጫማ፣ የውስጥ ልብስ፣ ሁሉንም ንገሩኝ።

ሁለተኛው ይከብደኛል። እማዬ ልብስ የምትገዛው በአፏ ነው። መርካቶ ስትገባ ነጋዴው ገና ከሩቅ ሲያያት መሳቅ ይጀምራል። ሹራብ ለመግዛት ወጥታ ግማሽ ቀን ስቃ፣ አስቃ፣ ሻይ ተጋብዛ ትመለሳለች። እዚህ ደግሞ ዋጋው ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ የሚያናግር ሰው የለም፣ አንዳንዱ ሱቅ ራስሽ ስካን አድርገሽ ከፍለሽ ትወጫለሽ። ሁሉንም ቀድሜ ገዝቼ ልጠብቃት ወይስ ይዣት ልውጣ? ብትወጣ ደስ ይላታል ወይስ ይከፋታል? በእውነት አሳስቦኛል።

ነርስ_ሴንትፖል

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ እናት ስትመጣ ቤት ይሞቃል።

ካፖርት፣ ጫማ፣ ጓንትና ኮፍያ ቀድመሽ ግዢ። ኤርፖርት ይዘሽላት ሂጂ። ከአውሮፕላን ወጥተው እስከ መኪናው ያለው መንገድ ራሱ ብርድ ነው። የቀረውን አብራችሁ ግዙ።

እኔ የምሠራው ከአረጋውያን ጋር ነው፣ ስለዚህ አንድ ነገር ላሳስብሽ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ሰውነቱ ሙቀት የማመንጨትና የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፣ ብርዱንም ቶሎ ላይሰማው ይችላል። እናቶቻችን ደግሞ ልጅ እንዳይጨነቅ ብለው ቢበርዳቸውም «ደህና ነኝ» ነው የሚሉት። ቃላቸውን ብቻ አትመኚ፣ እጃቸውን ያዢው። ስኳር ካለባቸው ካልሲና ጫማ የሚያጠብቅ አይሁን፤ እግራቸውን ማታ ማታ እዪላቸው።

እዚህ የጥር ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ አካባቢ ነው። በፈረንጆቹ ጥር 2019 መጨረሻ ላይ ግን ከዜሮ በታች 33 ደርሶ ነበር፣ ነፋሱን ሳንቆጥር። ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘግቶ ነበር። የምትገዢው ለአማካዩ ብቻ ሳይሆን ለክፉውም ቀን መሆኑን አስቢ።

ጉለሌ

ብርድ ብርድ አታብዙባት። የኛ እናቶች ብርድ ያውቃሉ። የእንጦጦ ሥር ውርጭ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ምን እንደሚመስል የዚያ ሰፈር ሰው ይንገራችሁ። እናቴ አንድ ጋቢ ደርባ ሌሊት ኪዳን ስትሄድ ኖራለች። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ከሽሮ ሜዳ አንድ ጥሩ የዶርዜ ጋቢ ይዘው ይምጡ፣ ከላዩ ጃኬት፣ አለቀ። ለሦስትና አራት ወር ብሎ ያን ሁሉ ብር ማውጣት ምን ይሉታል?

የመንዝ_ልጅ (ዴንቨር)

ወንድሜ ጉለሌ፣ ጋቢን እኔም እወዳለሁ፣ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ሌሊት 7 እና 8 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። ሚኒሶታ ፀሐይ ወጥታም አይለቅም።

ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ ቤት ውስጥ፣ ደረቅ ቦታ፣ ሶፋ ላይ ወደር የለውም። ላብ ወይም በረዶ ሲነካው ግን ውሃውን ይዞ ይቀራል፣ ያቀዘቅዛል። ነፋስም ያሳልፋል። የኛ አገር ሰው ይህን ያውቅ ነበር። መንዝ ብርድ ነው፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው፤ ስለዚህ አያቶቻችን ከበግ ጠጉር ባና ሠሩ፣ ዝተት ሠሩ፣ በርኖስ ሠሩ። በርኖስ ዝናብ ቢመታውም ያሞቃል። ሱፍ እርጥብ ሆኖም ሙቀት ይይዛል፣ ምሥጢሩ እሱ ነው። ፈረንጅ ዛሬ ሜሪኖ እያለ በውድ የሚሸጥልሽም ያው የበግ ጠጉር ነው፣ ቀጭንና ለስላሳ ሆኖ ተፈትሎ።

ስለዚህ ጋቢው ይምጣ፣ ለቤት። ለውጭ ሱፍና ነፋስ የማያስገባ ካፖርት።

ጉለሌ

እሺ ባና አልከኝ፣ እዚያ ላይ ተረታሁ። አያቴ ባና ነበራት፣ ክብደቱ ራሱ ያሞቃል።

ስቶክሆልም

እኔ ከስዊድን ነኝ። እዚህ አገር «መጥፎ አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ» ይላሉ፣ ከልባቸው ነው የሚሉት። ሕፃናቱን ራሱ በዚያ ብርድ ውጭ ነው የሚያጫውቷቸው።

ዘዴው መደረብ ነው። ገላ ላይ የሚያርፈው ቀጭን የሱፍ ወይም ላብ የሚያደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን፣ ጥጥ አይሁን። ከእሱ በላይ ሹራብ ወይም ፍሊስ። ከሁሉም በላይ ነፋስና እርጥበት የሚከለክል። ሦስት ስስ ልብስ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፣ ምክንያቱም በልብሶቹ መሀል የሚቀመጠው አየር ነው የሚያሞቀው። ደግሞ ቤትና ባቡር ውስጥ ሲሞቅ አንዱን ማውለቅ ይቻላል። ልብሱ ከጠበበ አየሩ ቦታ አያገኝም፣ ስለዚህ ካፖርቱን ስትለኩ ሹራቡን ለብሰው ይለኩ።

ሱሪ ለማይለብሱ እናት መፍትሔው የሱፍ ታይት ነው። በቀሚሱ ሥር ይለበሳል፣ ማንም አያየውም። ቀሚሱ እስከ ቁርጭምጭሚት ከሆነ ታይቱን በሁለት መደረብ ይቻላል። እናቴ እንዲህ ነው የምትለብሰው፣ ሱሪ ነው ብላ ለማሰብ ራሱ ፈቃደኛ አይደለችም፣ «ረጅም ካልሲ» ነው የምትለው፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ካፖርቱ ከጉልበት በታች ይውረድ። ኮፍያ ይኑረው። ዚፑ ከታችም የሚከፈት ይሁን፤ ረጅም ካፖርት ከታች ካልተከፈተ መኪና ውስጥ መቀመጥና ደረጃ መውጣት ያስቸግራል። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ይገዛል።

የአራዳ_ልጅ

ስለ ልብሱ የሚያውቁት ይንገሩሽ፣ እኔ ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ማንም አልነካውም።

የድሮ የገበያ ቀልድ ዝም ብሎ ጨዋታ አልነበረም። ገዢና ሻጭ የሚተዋወቁት በእሱ ነው። እናቴ ሹራብ ስትገዛልን ያየሁትን ልንገራችሁ። ነጋዴው 80 ብር አለ። እናቴ 30 አለች። «በ30 ብርማ እጅጌውን ብቻ ቆርጬ ነው የምሰጥሽ» አላት። «እሺ ሁለቱንም እጅጌ ስጠኝ፣ ገላውን ከጎረቤትህ እገዛለሁ» አለችው። ጎረቤቱ ነጋዴ ከዚያ ማዶ ሆኖ «ነይ እናቴ፣ ገላው እኔ ጋ አለ!» ብሎ ጮኸ። ተራው ሁሉ ሳቀ። ሹራቡን በ45 ገዛችው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ለራሷ የሱፍ ኮት ስታይ ነጋዴው «ይሄን ኮት የልጅ ልጅሽ ትለብሰዋለች» አላት። «እንግዲያው ግማሹን ዋጋ ከእሷ ተቀበል» አለችው።

ደግሞ ያ የታወቀው አለ፣ ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ልብሱ ሲሰፋ «ሲታጠብ ይገባል»። ሲጠብ «ሲለበስ ይለቃል»። እናቴ ለዚህም መልስ ነበራት፤ «በል አጥበህ ስጠኝ፣ ነገ እመጣለሁ»።

አሁን ይህ ሁሉ ለምን ትዝ አለኝ፣ ማንም በዚህ ቀልድ አይዋረድም ነበር። ነጋዴው ስለ ገዢዋ ቁመትና ውፍረት አይናገርም። ገዢዋ ስለ ነጋዴው ድህነት አታነሳም። የሚቀለደው በዕቃው፣ በዋጋው፣ በብርዱ ላይ ነው። ዛሬ ቀልድ ተብሎ በየስልኩ የሚላከው ግማሹ ሰው ማዋረድ ነው። የድሮውን የምወደው ለዚህ ነው።

ሸማ_ተራ

ልጆቼ፣ እኔ ራሴ ሸጫለሁ። ብዙ ዓመት ሹራብና ሻርፕ፣ ኋላም ከቦንዳ የወጣ ካፖርት ሸጫለሁ። ከሻጭ ወገን ልንገራችሁ።

ጠዋት መክፈቻ የሚባል ነገር አለ። የቀኑ የመጀመሪያ ገዢ ናት። እሷ ሳትገዛ ከሄደች ቀኑ ይከብዳል ብለን እናስባለን፣ ስለዚህ መክፈቻ በትንሽ ትርፍም ይሸጣል። ብልጥ እናቶች ይህን ስለሚያውቁ ማልደው ይመጣሉ። «መክፈቻህ ነኝ፣ አትቆልፍብኝ» ትለኝ የነበረች ደንበኛ ነበረችኝ፣ ነፍሷን ይማር፣ እሷ የመጣች ቀን በእውነት ገበያው ይቀናኝ ነበር።

ገዢዋ ዞር ብላ ስትሄድ የምንጠራት ተሸንፈን እንዳይመስላችሁ። ያችን ዋጋ መጀመሪያውኑ አስበናታል። መሄዷም፣ መጥራታችንም፣ «ላንቺ ብዬ ነው» ማለታችንም ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን ያላለፈ ሰው ልብሱን ይዞ ቢሄድም አልገዛም፣ ተሸጠለት እንጂ።

በክረምት ሰኔና ሐምሌ ዝናብ ሲመታን ከሸራው ሥር ሻጭና ገዢ አንድ ላይ እንጠለላለን። ያን ጊዜ ነው ቀልዱ። አንዷ «ብርዱ እንዴት ነው?» ስትል ሌላዋ «እሱማ ደህና ነው፣ የታመምነው እኛ ነን» ትላለች። ይህቺን በየዓመቱ እንሰማታለን፣ በየዓመቱ እንስቃለን።

ልጄ የኮልፌዋ፣ እናትሽን ይዘሻቸው ውጪ። ልብስ ሳይነኩና ሳይጨብጡ ቤት የመጣላቸው እናት አመሰግናለሁ ብለው ይለብሱታል፣ ግን የራሳቸው አያደርጉትም።

የአራዳ_ልጅ

እትዬ ሸማ ተራ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። «ተሸጠለት እንጂ» ያሉትን ጽፌ ያዝኩት።

ለነገሩ ይህ ነገር ሥሩ ሩቅ ነው። አለቃ ገብረ ሐና፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአቋቋም ሊቅ፣ አህያ የሚነዱ ሴቶች መንገድ ላይ አግኝተው «እንደምን አደራችሁ የአህያ እናቶች» ቢሏቸው፣ «እንደምን አደርክ ልጃችን» ብለው መለሱላቸው ይባላል። ያን ሁሉ ሰው በቃል የረቱት አለቃ ገበያ በሚሄዱ ሴቶች ተረቱ። ይህን ታሪክ የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ስትነግረኝም ሴቶቹን በስም የምታውቃቸው ነበር የምትመስለው።

ዲሲ_አካባቢ

ይቅርታ፣ የሚያምር ትዝታ ነው ግን ሌላውንም ጎን እንይ። እኔ እናቴን ይዤ ሱቅ ስገባ «መጨረሻው ስንት ነው በያት» እያለች ታስጨንቀኝ ነበር። ካሸሯ ምን ታድርግ? ዋጋ የምትወስነው እሷ አይደለችም። ከኋላችን ሰልፍ አለ። ልጅ መሀል ላይ ቆሞ ሲያስተረጉም ይከብዳል። ሁሉም ነገር በቦታው ነው።

ነርስ_ሴንትፖል

ዲሲ አካባቢ፣ ስሜትሽ ይገባኛል። ግን እኔ ተርጉሜዋለሁ። አንድ ትልቅ ሱቅ ካፖርት ስንከፍል እናቴ «ብርዱን እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት፣ ካፖርቱን በነፃ መስጠት ነበረባችሁ በያት» አለችኝ። ቃል በቃል ነገርኳት። ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ከመሳቢያ ኩፖን አውጥታ 20 በመቶ ቀነሰችልን። ኩፖኑ ለማንም የሚሰጥ ነው፣ አውቃለሁ። ለእናቴ ግን ተከራክራ ያስቀነሰችው ነው፣ እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

ሰልፍ ሲኖር አይሆንም፣ እሱ ላይ እስማማለሁ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ውሰዷቸው። ሱቁ ባዶ ነው፣ ሠራተኛውም ሰው ማናገር ይፈልጋል።

ሌክ_ስትሪት

የኮልፌ ልጅ፣ እዚሁ ሚኒያፖሊስ እያለሽ ካርሜል ሞል እንዴት ተረሳሽ? የሶማሌዎቹ ገበያ። ትንንሽ ሱቆች ጎን ለጎን፣ ልብሱ እስከ ጣሪያ ተሰቅሏል፣ ሻይ አለ፣ ባለሱቋ ራሷ ቁጭ ብላለች። ድርድር አለ! ረጃጅም ወፍራም ቀሚስ፣ ሻርፕ፣ በቀሚስ ሥር የሚለበስ ሁሉ ሞልቷል፣ ምክንያቱም እዚያ የሚገዙት ሴቶችም እንደ እናትሽ ሱሪ የማይለብሱ ናቸው። ቋንቋ ባይግባቡ በጣት ይደራደራሉ። የኔ እናትና አንዲት ሶማሌ ባለሱቅ አንድም የጋራ ቃል ሳይኖራቸው ሲሳሳቁ ቆይተው ተቃቅፈው ተለያዩ።

ካፖርቱን ግን እዚያ ሳይሆን የብርድ ልብስ የሚያውቅ ሱቅ ግዢ። የሴት መጠን ስታዪ «ፔቲት» የሚለውን ፈልጊ፤ ቁመታቸው ከ1 ሜትር ከ63 በታች ለሆኑ ሴቶች የተሠራ ነው። መደበኛውን ከገዛሽ እጅጌው ጣታቸውን ይውጠዋል። ላባ ያለው ካፖርት ከሆነ ፊል ፓወር (የላባው የመነፋት አቅም) የሚለውን ቁጥር እዪ፣ 600 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው፣ ቀላልም ይሆናል። ከባድ ካፖርት ለትልቅ ሰው ትከሻ ጥሩ አይደለም።

ሚኒሶታ ልብስ ላይ የሽያጭ ታክስ የለም፣ እሱን አትርሺ። ቅናሽ ከፈለግሽ ከታንክስጊቪንግ ማግስት ያለው አርብ አለ። ትልቁ ቅናሽ ግን ጥርና የካቲት ላይ ነው፣ ሱቆቹ የጸደይ ልብስ ለማስገባት ካፖርቱን ሲያወጡ። ለእናትሽ ያ ይዘገያል። ለሚቀጥለው ዓመት ለሚመጣ ዘመድ ግን ያኔ ግዢና አስቀምጪ።

ስቶክሆልም

ያገለገለ ልብስም አትናቁ። እዚህ ሚሮርና የሚባል የበጎ አድራጎት ሱቅ አለ፣ ንጹሕ የሱፍ ካፖርት በርካሽ ይገኛል። እናንተ ጋ ጉድዊልና ሴቨርስ አሉ። ሰልባጅ መርጣ ያደገች እናት እዚያ ንግሥት ናት፤ ስፌቱን ገልብጣ ታያለች፣ ብብቱን ታያለች፣ ቁልፉን ትቆጥራለች። እኛ የማናየውን ያያሉ። ጫማና የገላ ልብስ ግን አዲስ ይሁን።

የኮልፌ_ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እትዬ ሸማ ተራ፣ የነገሩኝን ለእማዬ በስልክ አነበብኩላት። «ሴትዮዋን አውቃታለሁ መሰለኝ» አለች። ዝርዝር ስጠይቃት ግን መክፈቻዋን ማን እንደነበረ ልትነግረኝ ጀምራ ካርዷ አለቀ።

አንድ ቀረኝ። ቤተ ክርስቲያን። ገናም ጥምቀትም እዚህ እያለች ነው የሚውሉት። ነጭ ትለብሳለች፣ ካፖርት በነጠላ ላይ እንዴት ይሆናል? ጫማስ?

የሰንበት_ተማሪ

ነጠላው ከካፖርቱ በላይ ይሁን። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። ነጠላውን ከካፖርት ሥር ካደረጉት ተጨማድዶ ይቀራል፣ መስቀለኛ ማጣፋትም አይቻልም። ከቻልሽ ካፖርቱን ነጭ ወይም ክሬም ፈልጊ፣ ብዙ እናቶች ይህን ይወዳሉ። ካላገኘሽ ጥቁሩም ችግር የለውም።

ትልቁ ነገር ካልሲ ነው። ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው፣ ገና ደግሞ ሌሊት ነው፣ ቁሞ ማደር አለ። ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ ከሥሩ የማያንሸራትት ነጠብጣብ ጎማ ያለው። ጫማው ዚፕ ያለው ቦት ይሁን፤ ማሰሪያ ያለው ከሆነ በር ላይ ጎንበስ ብለው ሲፈቱና ሲያስሩ ሰው ይጠብቃል፣ ወገባቸውም ይጎዳል። ጥምቀት ውጭ ከተከበረ ደግሞ ከጓንት ይልቅ አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚያስገባው ዓይነት የበለጠ ያሞቃል፣ ጣቶቹ እርስ በርስ ስለሚሞቁ። ለእልልታ ደግሞ አፍ ላይ ሻርፕ አይታሰርም፣ ስለዚህ አንገት ላይ ጥብቅ የሚል ነገር ፈልጊላቸው።

ነርስ_ሴንትፖል

በረዶ ላይ መውደቅንም አትርሱ። ጫማ ላይ የሚጠለቅ ባለ ጥርስ ጎማ አለ፣ ርካሽ ነው። ቤት ሲገቡ ግን ይውለቅ፣ ለስላሳ ወለል ላይ ራሱ ያንሸራትታል።

ዲሲ_አካባቢ

የማክሰኞውን ሐሳብ ወስጃለሁ። እናቴ በሚቀጥለው ወር ትመጣለች፣ ማክሰኞ ጠዋት ይዣት እወጣለሁ፣ የምትለውንም እተረጉማለሁ።

የኮልፌ_ልጅ

ደስ አልሽኝ እህቴ። እኔም ወስኛለሁ። ካፖርት፣ ቦት፣ ካልሲና ታይት ነገ እገዛለሁ፣ ኤርፖርት ይዤላት እሄዳለሁ። ቀሚሱን፣ ሹራቡንና ሻርፑን እሷ ካርሜል ሞል ትገዛለች፣ ገንዘቡን በእጇ እሰጣታለሁ። የላባ ካፖርት ቤት ይታጠባል ወይ? ካልታጠበ እማዬ ሰላም አታገኝም።

ሌክ_ስትሪት

ይታጠባል፣ መጀመሪያ ግን በውስጥ የተሰፋውን ምልክት አንብቢ። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጥቂት ሳሙና፣ ማለስለሻ ሳይገባበት። ማድረቂያው ዝቅተኛ ሙቀት ላይ ይሁን፣ ውስጡ ንጹሕ የቴኒስ ኳሶች ጣዪበት፣ የተጣበቀውን ላባ እየመቱ ይበትኑታል። እስኪደርቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ እርጥብ ሆኖ እንዳይሰቀል፣ ይሸታል። እናትሽ በእጅ ካላጠብኩ ካሉ ገንዳ ውስጥ ይጠቡት፣ ግን አይጭመቁት።